አያ ዋኘውና የቀሐው ጭራቅ ቤት

አሁን አሁን በየከተማው በኤሌክትሪክ የሚዞር የእንጨት ፈረስ አለ፣ በዓል ሲደርስም ሰው ከፍሎ ገብቶ የሚደነግጥበት ቤት ይከፈታል ይባላል። ይከፈት፤ ማን ከለከለ! ብቻ የጎንደሩን፣ የቀሐ ወንዝ ዳሩን ያላየ ሰው ስለ ፈረስም ሆነ ስለ ድንጋጤ አፉን ሞልቶ ባያወራ ምናለበት። የቀሐውን ደግሞ እንደ አያ ዋኘው አድርጎ ያየው የለም። ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እስከ ኀምሳ ሁለት ድረስ አንድም ጥምቀት አልቀረበትም።

አያ ዋኘው የጭልጋ ሰው ነው፤ ከአይከል ወዲያ ማዶ ጤፍና ኑግ ያርሳል። ጥር በገባ በአምስተኛው ቀን በቅሎውን ይጭንና «ለታቦቱ ነው የምሄድ» ብሎ ሁለት ቀን ተጉዞ ጎንደር ይገባል። ታቦቱንም ያነግሣል፣ እውነት ነው፤ እልል ሲባል እልል ይላል፣ ጠበሉንም ይረጫል። ታቦቱ ፊቱን ወደ መንበሩ ሲያዞር ግን እሱ ፊቱን ወደ በላቸው ሜዳ ያዞራል። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ የሚያነሣው ሰው የለም።

በላቸው በአራዳ ሱቅ ያለው አናጢ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ መዶሻ ሲያቀብል ውሎ የብረት ሥራም ለምዷል። ጣሊያን ሲወጣ ወንዝ ዳር ጥሎት ከሄደው የጭነት ማኪና የጎማውን ማዞሪያ ፈታና ከፋሲል መዋኛ አጥር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ተከለው። በላዩ ስምንት እንጨት እንደ ክንድ ዘረጋ፤ በየጫፉ አንድ አንድ የዋንዛ ፈረስ አሰረ። ሁለት ፈርጣማ ሰዎች እየገፉ ያዞሩታል። ከሾላው ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ ሰቀለ። ከሾላው ጀርባ ደግሞ በቆርቆሮና በጆንያ የተሠራ፣ መስኮት የሚባል ያልፈጠረበት አንድ ጎጆ አቆመ። እሱ ነው ጭራቅ ቤቱ። ሦስቱም በዓመት ሦስት ቀን ቆመው ይውሉና ተነቅለው የበላቸው ጓሮ ውስጥ ይከርማሉ።

እንግዲህ አያ ዋኘው ስለነዚህ ነገሮች ያልሰጠው አስተያየት የለም። ማን ጠየቀው? ማንም። ፈረሶቹን በየመልካቸው ነው የሚያውቃቸው። «ዳማው አንገቱ ያጥራል። ቦራው ሸጋ ነበር፣ ግን ዐይኑን ምን ነካው? አንዱ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ገበያ ገበያ። ፈረስ የሚባል ጥቁሩ ብቻ ነው፤ እሱም ጭራው ቃጫ ሆኖበት ተዋረደ» ይላል። ይህን ያለ ዕለት በላቸው ሥቆ አለፈው። በዓመቱ ግን አያ ዋኘው ከስልቻው ውስጥ የእውነተኛ ፈረስ ጭራ መዝዞ ሲያወጣ ምን ይበል? ተቀብሎ በምስማር መታው። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው! እንደ ባለ ድርሻ ሆነ።

«ምነው በላቸው፣ ፈረሶቹ የሚዞሩት ታቦት በሚዞርበት ወገን አይደለም። ሰው ራሱን ቢያዞረው ይፈረድበታል?»

«አያ ዋኘው፣ ይኸ እኮ ጨዋታ ነው!»

«ጨዋታም ቢሆን ወግ አለው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲነዘንዘው ከርሞ በላቸው ሰለቸውና ገፊዎቹን በሌላ በኩል አቆማቸው። የሚገርመው ታዲያ ያን ዓመት ያስመለሰው ሰው ቁጥር ቀነሰ። አያ ዋኘው አልፎከረም፤ ብቻ ፂሙን እየዳበሰ ፈረሶቹን ሦስት ጊዜ ዞራቸው። ዥዋዥዌውን ግን ከነጭራሹ አይወደውም። እሱ ለልጅ ነው፣ ለጎልማሳ ሆድ አይሆንም ይላል። አንድ ጊዜ ወጥቶበት ነበር፤ ያን ጊዜ የሆነውን በላቸው እስከ ዛሬ ያወራዋል፣ እሱ አያወራውም።

ወደ ጭራቅ ቤቱ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይከርራል። የአርባ አንዱን ዓመት ጭራቅ ንቆታል፤ የጅብ ቆዳ ነበር የለበሰው፣ ሰው የሸሸው ከሽታው እንጂ ከጭራቁ አይደለም። የአርባ ሦስቱ ቃጭል አንጠልጥሎ ነበር። «ቃጭል ያሰረ ጭራቅ የት አገር አይተሃል? ከብት ነው እንዴ?» የአርባ ስድስቱ ዘልሎ አንዲት ባልቴት ላይ ወደቀና በሽመል ግንባሩን ተፈነከተ፤ እሷን ያመሰገናት አያ ዋኘው ነው። ነጋ የሚባል ረጅም ቀጭን ሰው ጭራቅነቱን ከያዘው ወዲህ እንኳ አልረካም። ነጋ ይጮኻል፣ ያጓራል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል።

«ጭራቅ አይጮኽም» ይላል አያ ዋኘው። «የሚጮኽ ነገርማ ያለበት ይታወቃል፤ ምኑ ያስፈራል? የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያይህ ነው።»

በላቸው ይህን ሁሉ የሚታገሠው ወዶ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ስለሚያስታውስ ነው። በሠላሳ ዘጠኝ አያ ዋኘው ብቻውን አልነበረም የመጣው፤ ሚስቱ ታየች ነበረች፣ ልጃቸው አልማዝም ነበረች፣ ያን ጊዜ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ታየች ጥቁሩ ፈረስ ላይ በጎን ተቀመጠች። ታየች ስትሥቅ ነጠላዋን አፏ ላይ የምትይዝ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ሁለቱም እጆቿ የፈረሱን አንገት ጨብጠው ስለነበር ሣቋ ሜዳውን ሞላው። ሲቆም አልወርድም አለች። «እንደገና!» አለች፣ እንደ ሕፃን። ጭራቅ ቤት ገብታም አልደነገጠች፤ ጥላሸት የተቀባውን ሰውዬ ትኩር ብላ አየችና «የኔ ጌታ፣ እህል ቀምሰሃል?» ብላ ከስንቅ ዳቦዋ፣ ከዳቤዋ ቆርሳ ሰጠችው። ጭራቁ በላ። አያ ዋኘው ይህችን ነገር ሲያወራ መሃል ላይ ያቋርጥና ስለ ፈረስ ዐይን ማውራት ይጀምራል።

ምክንያቱም ያ ደስታ አልቆየም። አልማዝ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ባዬ ከሚባል የጭነት ማኪና ሹፌር ጋር ወደ ጎንደር ኮበለለች። አባቷ ለባለ ጸጋ ልጅ ቃል ሰጥቶባት ነበርና እንደ እሳት ነደደ። «ልጅ የለኝም» አለ። እናት በስውር ቅቤና ሽሮ ትልክ ነበር፤ እሱ እያየ እንዳላየ ያልፋል። ይኸ ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበር፤ ስንቱ አባት ሲቆጣ ኖሮ የልጅ ልጅ ሲያይ ይታረቅ የለም? አያ ዋኘው ግን ከዚህ የባሰ ሠራ። በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ታየች ታመመች። ታማ በሰባተኛው ቀን ሞተች። እሱ ለልጁ መርዶ አልላከም።

እናቷን ሳታስታምም፣ ሳትቀብር፣ ሬሳዋ ላይ ሳትወድቅ ቀረች። አልማዝ ወሬውን የሰማችው በመስከረም ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ጨው ስትገዛ አንዲት የአይከል ሴት «እናትሽን ነፍስ ይማር» ብላ አለፈች። ጨዉን ይዛ ቤቷ ገባች። አላለቀሰችም። ነጠላዋንም አላዘቀዘቀችም። ጎረቤት ሊያስተዛዝን ሲመጣ «ምን ሆንኩና?» ብላ መለሰችው።

አያ ዋኘው እልኹ ሲበርድለት የሠራውን ዐወቀ። ሽማግሌ ላከ። አንድ ጊዜ ላከ፣ ሁለት ጊዜ ላከ። አልማዝ ለሽማግሎቹ ወንበር ሰጥታ፣ ጠላ ቀድታ፣ አክብራ እንዲህ አለቻቸው፦ «እናቴ መሞቷን ያረዳኝ ሰው የለም። ሳልረዳ አላለቅስም። አባቴ ራሱ ይምጣ፤ በገዛ አፉ እናትሽ ሞተች ብሎ ያርዳኝ። የዚያን ቀን ለእናቴ አለቅሳለሁ፣ ከእሱም ጋር እታረቃለሁ። ሌላ ካሣ አልፈልግም።»

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ሁለት ቃል ነው። አያ ዋኘው ግን ሰባት ዓመት አቃተው። ሦስት ጊዜ አራዳ ወጥቶ ደጇ ድረስ ሄዷል። አንድ ጊዜማ በሩን ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ፣ ከውስጥ የሕፃን ድምፅ ሲሰማ እጁን አውርዶ ተመለሰ። የዚያን ቀን በላቸውን በቦራው ፈረስ ዐይን ምክንያት እስኪመሽ ነዘነዘው። ጥምቀት በመጣ ቁጥር የሚወርደው እንግዲህ ለፈረስም ለጭራቅም ብቻ አልነበረም። ጥምቀት የከተማውን ሰው ሁሉ ቀሐ ያወርደዋል፣ አልማዝንም ያወርዳታል። ከፈረሶቹ ኋላ ቆሞ በሩቁ ያያታል። ወፈር ብላለች ይላል በልቡ፤ ወይም ከስታለች። ያችን ታህል ይዞ አይከል ይመለሳል። የጭነት ማኪና እንኳ አይሳፈርም፤ መሪውን የያዘው ባዬ ቢሆንስ ብሎ ይፈራል።

የኀምሳ ሁለቱ ጥምቀት ሲመጣ አያ ዋኘው አርጅቶ ነበር። በቅሎዋ ላይ የወጣው በሰው ድጋፍ ነው። ጎንደር ሲደርስ በላቸው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሰማህ?» አለው።

«ምኑን?»

«ባዬን ወደ አስመራ አዛወሩት። ቅዳሜ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ አሉ፣ አልማዝም ልጇም።»

አያ ዋኘው ኮርቻውን ማራገፍ ያዘ። ከተራው አለፈ፣ ጥምቀቱ አለፈ። ጥር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ጧት፣ አዲስ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ዛሬ አራዳ እሄዳለሁ ብሎ ቈርጧል። ከእንግዲህ ዓመት የሚባል ነገር የለም። አስመራ ድረስ በበቅሎ አይኬድ! መንገዱ ግን በበላቸው ሜዳ በኩል ነው፤ ያ ሜዳ ነው ያዘገየው።

በሜዳው ሁካታ አለ። ተራው ከጭራቅ ቤቱ ደጅ እስከ ሾላው ድረስ ተሰልፏል፤ ጭራቁ ግን የለም። ነጋ የከተራውን ሌሊት ሙሉ፣ የጥምቀቱንም ቀን ሙሉ ሲያዜምና ሲጨፍር ስላነጋ ጉሮሮው ተዘግቷል። አፉን ይከፍታል፣ ምንም አይወጣም። በላቸው ራሱን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል። ዓይኑ አያ ዋኘው ላይ ሲያርፍ ቀጥ አለ።

«አያ ዋኘው! እግዜር ነው ያመጣህ!»

«ምን ሆነህ?»

«አሥራ ሦስት ዓመት ጭራቅ እንዲህ ይሁን፣ ጭራቅ እንዲያ ይሁን ስትለኝ አልኖርክም? በል ግባና አሳየን!»

«ወግድ! ሽማግሌ ሰው ጭራቅ ሊሆን!»

«ዝም ብሎ የሚያይ ነው የሚያስፈራው ብለህ የለም? ዝም ማለት ያቅትሃል?»

ነጋም በምልክት ለመነው፤ እጁን አጣጥፎ ጎንበስ አለለት። አያ ዋኘው እሺ አለ። ለበላቸው አዝኖ መሰላችሁ? እሱ እቴ! ወደ አራዳ ላለመሄድ ምክንያት ስላገኘ ነው። ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ አለ በልቡ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እንዳለ ነው የኖረው።

ጋቢውን አወለቀ። ጥላሸት ቀቡት፣ አሮጌ ለምድ አለበሱት፣ ዐይንና አፍ የተበጀለት ትልቅ ቅል በፊቱ ላይ አሰሩለት። ገባና ጥጉ ላይ ካለችው መደብ ተቀመጠ። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባ አንዲት ጭላንጭል እግሩ ሥር ትወድቃለች። ሌላው ጨለማ ነው።

ሥራውንማ ቻለበት! የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጎረምሶች እየተገፋፉ ገቡ። ጩኸት ጠበቁ፤ የለም። ቆርቆሮ ጠበቁ፤ የለም። «የታለ?» ተባባሉ። ከዚያ አንደኛው ዐይኑ ጨለማውን ሲለምድ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ዝም ብሎ የሚያያቸውን ቅል አየ። የበሩን መጋረጃ ይዘውት ነው የወጡት። በላቸው መጋረጃውን መልሶ እየሰቀለ «አያ ዋኘው፣ እጅህን ልሳም!» አለ። አያ ዋኘው ከቅሉ ውስጥ ፈገግ አለ። ይህችን ታየች ብታይ አለ በሆዱ። ሣቋን ልትለቀው ነው፤ በኋላም ራበህ ወይ ልትለኝ ነው። ዘመኑ ሁሉ መጣበት፤ ጥቁሩ ፈረስ፣ ዳቤው፣ አልማዝ በአሥራ አራት ዓመቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በሜዳው ስትሮጥ። ቅሉ ውስጥ ሙቀት ነበርና ላብ ይሁን እንባ አልለየውም።

እንዲህ ሆኖ እያለ መጋረጃው ተገለጠ።

«ነይ ሰብሌ፣ አትፍሪ። ሰው ነው እኮ፣ የሚያስመስል ሰው ነው።»

ድምፁን ዐወቀው። ከሺህ ድምፅ መካከል ይለየዋል። መጋረጃው ተመልሶ ከመውደቁ በፊት በብርሃኑ አያት፤ ነጭ ለብሳለች፣ በአንድ እጇ የጥምቀት ጠበል የያዘ ጠርሙስ፣ በሌላው እጇ የስድስት ዓመት ልጅ። የልጅ ልጁ ናት። ስሟን እንኳ ዛሬ ገና መስማቱ ነው። አስመራ ሳይሄዱ ቀሐን ልታሳያት አምጥታታለች።

ደነገጠ። ጭራቅ ሆኖ ተቀምጦ እሱ ራሱ ደነገጠ። ልውጣ ቢል በሩ ላይ የቆመችው እሷ ናት። ልጩኽ ቢል ድምፁን ታውቀዋለች። እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለምዱም አብሮ።

«እማዬ፣ ያውና! ጥጉ ላይ!» አለች ልጅቱ። «እማዬ፣ ጭራቁ ይንቀጠቀጣል።»

አልማዝ አየችውና ሣቀች። የእናቷ ሣቅ ነው፤ ከነ መቆራረጡ።

«እኛን ይፈራል እንዴ? ቆይ፣ እናስለፍልፈው» አለች ለልጅቱ፣ ፍርሃቷን ልታስረሳት። የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች። በጎንደር ማን አይቶት የማያውቅ አለ? ጠበል ቦታ መነኵሴው መንፈስ በያዘው ሰው ላይ ውኃ እየረጨ ሲጠይቅ፣ መንፈሱም ሳይወድ ሲናገር። አልማዝ ድምፅዋን እንደ ባሕታዊ አጎላችና ጠበሉን ቅሉ ላይ ረጨችው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! ተናገር! ማነህ አንተ?»

ውኃው ከቅሉ ወርዶ አንገቱ ውስጥ ገባ። የጥምቀት ውኃ ነው፣ ቀዝቃዛ። አያ ዋኘው ሽማግሌ ሲልክ ማድበስበስ ይችላል፣ ለነፍስ አባቱ እንኳ ግማሹን ነግሮ ግማሹን መዋጥ ይችላል። ጠበል ተረጭቶ ማነህ የተባለ ግን ዝም ሊል አይችልም፣ ሊዋሽም አይችልም፤ ከልጅነቱ የሚያውቀው ይህን ነው። ጨዋታ መሆኑ ጠፋው። እሷ እየተጫወተች ነው፣ እሱ ግን ተይዟል።

«ዋኘው ነኝ» አለ።

አልማዝ ሣቋ በአፏ ላይ ቀረ። ከውጭ የገፊዎቹ ድምፅና የፈረሶቹ ሲጢጥታ ይሰማል። ልጅቱ እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

«የት አገር ዋኘው?» አለች አልማዝ። አሁን ድምፅዋ የባሕታዊ አይደለም።

«የጭልጋው። የታየች ባል።»

ጠርሙሱን እንደገና አነሣችና ረጨችው። ይህን ጊዜ ለጨዋታ አልነበረም። «ከማን ጋር መጣህ?»

«ብቻዬን።»

«ለምን መጣህ?»

እዚህ ላይ ነው ሰባት ዓመት ሙሉ የተመለሰው። እዚህች ቃል ላይ ሲደርስ ነው በደጇ እጁን ያወረደው። ትንፋሹ ቅሉ ውስጥ ሲመላለስ ይሰማዋል። ተነሣና ቆርቆሮውን ተደገፈ።

«ላረዳሽ» አለ። «ልጄ፣ እናትሽ ሞታለች። እናትሽ ታየች ዐርፋለች። ነሐሴ ሃያ ሦስት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ዶሮ ሲጮኽ ነው ያረፈች። ጊዮርጊስ ተቀብራለች፣ ከዋርካው ሥር።»

አልማዝ ልጅቱን ወደ ራሷ ሳበቻት።

«አልጨረስኩም» አለ። «ይኸን ለማንም አልተናገርኩ። ልጄን ጥራልኝ ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አለችኝ፣ በአምስተኛውም አለችኝ። ወንዙ ሞልቷል፣ መልእክተኛ አይሻገርም አልኋት። አመነችኝ። እንግዲያስ ሲጎድል ትመጣለች ብላ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተኛች። ወንዙ አልሞላም ነበር፣ አልማዝ። ሰው ይሻገረው ነበር። በእልኼ ነው። እናትሽንም አንቺንም የበደልኩ እኔ ነኝ።»

ጠርሙሱ ወደቀ። ጠበሉ መሬቱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ አልማዝ ጮኸች። ሰባት ዓመት የታመቀው ጩኸት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «እናቴን! እናቴን! ወይኔ እናቴን!» እያለች ደረቷን መታች፤ መሬት ላይ ልትወድቅ ስትል አያ ዋኘው ያዛት። ቅሉ ተፈትቶ ወደቀና በጥላሸቱ ላይ እንባው ሲወርድ ታየ። ልጅቱም እናቷን አይታ አለቀሰች።

ጩኸቱ ወደ ውጭ ሲሰማ ተራ የያዙት ጎረምሶች በሣቅ ፈነዱ። የበላቸው ደስታማ ወደር አጣ፤ ቆርቆሮውን በመዶሻ እየደበደበ «ሰማችሁ? ይኸ ነው ጭራቅ! ዘንድሮ ከጭልጋ ነው ያስመጣሁት! ግቡ፣ ግቡ፣ ልብ የሌለው ይቅር!» ይላል።

ከሰልፉ መካከል የቆመች አንዲት ባልቴት ግን አልሣቀችም። እጇን አንሥታ «ዝም በሉ እስቲ» አለች። አዳመጠች። «ይኸ የድንጋጤ ጩኸት አይደለም። እናቴን እያለች ነው፤ አትሰሙም? መርዶ ነው ይኸ።»

የበላቸው መዶሻ በአየር ላይ ቀረ።

ባልቴቲቱ ነጠላዋን አወረደችና አዘቀዘቀች። ከኋላዋ ያለችውም አዘቀዘቀች። ሌላይቱም። «በጥምቀት ለቅሶ? ነውር አይደለም ወይ?» ያለ አንድ ሰው ነበር። «አንተን እዘን ያለህ አለ? ሂድ፣ ፈረስህን ጋልብ!» ብላ ባልቴቲቱ አሳፈረችው። ገፊዎቹ እጃቸውን ከእንጨቱ ላይ አነሡ። ፈረሶቹ ቀስ እያሉ ዞረው ቆሙ፤ የተቀመጡባቸውም ወረዱ። ለመደንገጥ ተሰልፎ የነበረ ሰው ሁሉ በጎጆው ዙሪያ ሣሩ ላይ ቁጭ ቁጭ አለ።

አያ ዋኘው ልጁን ደግፎ፣ ወይም እሷ እሱን ደግፋ፣ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም፣ ወደ ብርሃኑ ወጡ። ጥላሸቱ ፊቱ ላይ፣ ለምዱ ትከሻው ላይ እንዳለ ነው። ማንም አልሣቀበትም። አልማዝ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ ባልቴቲቱ አገዘቻት። ከዚያ ጠጋ ብላ ትከሻዋን እየዳበሰች ጠየቀቻት።

«ማን ሞተብሽ፣ የኔ ልጅ?»

«እናቴ።»

«ውይ በሞትኩት! መቼ ዐረፈች?»

አያ ዋኘው አንገቱን ደፋ። ሰባት ዓመቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት አልማዝ እጁን ጨብጣ ያዘችው፣ ቀደመችውም።

«ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች። «አባቴ መጥቶ አረዳኝ።»